68 ልጆች፣ አንዲት መምህርት፦ አንደኛ ክፍልን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «በዚህ ዓመት ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆኜ ተመድቤአለሁ። ሁሉንም የትምህርት ዓይነት የማስተምረው እኔው ነኝ። የተመዘገቡት ልጆች 68 ናቸው። ጥቂቶቹ ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን መሰናዶ) ተምረዋል፤ ብዙዎቹ እርሳስ ይዘው አያውቁም። ነባር መምህራን ‹ዱላ ካልያዝሽ አትችያቸውም› ይሉኛል። ከየት ልጀምር? የመጽሐፉንስ ይዘት በጊዜው እንዴት ልጨርስ?»

እህቴ፣ እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጣሽ። እኔ አንደኛ ክፍል ማስተማር የጀመርኩት በ1988 ዓ.ም ነው። 14 ዓመት እዚያው ክፍል ቆይቼ አሁን እንዳንቺ ያሉ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ስለ መጽሐፉ የጠየቅሽውን ለመጨረሻ ላቆየውና በመጀመሪያው ዓመቴ የደረሰብኝን ላውጋሽ።

ልጆቼ 61 ነበሩ። ግንቦት ላይ ሱፐርቫይዘር ሊጎበኘን መጣ። እኔ በእንጨት ሰሌዳውን እየነካሁ፣ ልጆቹ እየተቀበሉኝ፣ ምንባቡን ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ አነበብነው። ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ ድረስ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ሱፐርቫይዘሩ መካከለኛው ረድፍ ላይ ካለ አንድ ልጅ አጠገብ ጎንበስ ብሏል። ልጁ ምንባቡን አንድም ቃል ሳይስት ጨርሶታል፤ ፊቱ ያለው መጽሐፍ ግን የተከፈተው በሌላ ገጽ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ አልተቆጣኝም። የልጁን ጣት ይዞ አንዲት ቃል ላይ አሳረፈና «እስቲ ይህችን ብቻ» አለው። ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያን ዕለትና በማግሥቱ ሁሉንም አንድ በአንድ አስጠግቼ ስሰማቸው 23ቱ ከራሳቸው ስም በቀር አንዲት ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጮኹ ስለነበር የሚያነቡ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ በእኔ ክፍል ብቻ የታየ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በሚማሩበት ቋንቋ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ሰልፍ ተሰልፈው፣ ስማቸው ተጠርቶ «አቤት» ብለው የተማሩ ናቸው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ ልጅ ክፍል እንዳይደግምና በተከታታይ ምዘና እየተደገፈ እንዲያልፍ ሲደረግ ቆይቷል። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ «ወደቅህ» ተብሎ ልቡ መሰበር የለበትም። ምዘናው ሮስተር (የውጤት መመዝገቢያ ቅጽ) ላይ የሚሞላ ቁጥር ብቻ ሲሆን ግን ልጁ ማንበብ አለመቻሉን ማንም ሳያውቅለት አራተኛ ክፍል ይገባል።

ስለዚህ የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ስሚው። «68 ልጅ ይዤ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እስቲ አብረን እናስላው። ከአንድ የ40 ደቂቃ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ለይተሽ አስቀምጪ። በአሥር ደቂቃ ሰባት ልጆችን፣ እያንዳንዳቸውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ትሰሚያለሽ። በአሥር የትምህርት ቀናት፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሁሉም ተዳረሱ። በዓላቱና የፈተናው ጊዜ ተቀንሶ እንኳ እስከ ሰኔ ድረስ አንዱን ልጅ ከ12 ጊዜ በላይ ለብቻው ትሰሚዋለሽ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ጊዜም አልሰማሁም።

ለዚህ የሚሆን አንድ ደብተር ለይተሽ ያዢ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ስጪው። ፊደሏን እንዳየ በራሱ ካወቃት ክብ፣ ከመጀመሪያው ቆጥሮ ከደረሰባት ነጥብ፣ ካላወቃት ባዶ፤ ከጎኑ ቀኑን ጻፊበት። ሌላ ነገር አያስፈልግሽም። ነጥቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ።

ሰባቱን ስትሰሚ የቀሩት 61 ልጆች ምን ይሠራሉ? አዲስ መምህር የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለልማድ ስጫቸው። ማን ከየት እንደሚገባ፣ ደብተር ማን እንደሚያድል፣ ጠመኔና መጥረጊያ የት እንደሚቀመጥ፣ እጅ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ አሠልጥኛቸው። ዝም ለማሰኘት ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፤ ጉሮሮሽ ከኅዳር አያልፍም። ሁለት ጊዜ አጨብጭቢና እነሱ ሦስት ጊዜ ይመልሱልሽ። ደጋግመሽ ካስለመድሻቸው በሦስተኛው ሳምንት ከመካከል ሆነሽ ብታጨበጭቢም ይሰሙሻል። ወንበሮቹን ስታስደረድሪ ወደ ኋላኛው ረድፍ የሚያደርስ መተላለፊያ ይኑርሽ፤ ሰኞ ሰኞ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ፣ የኋላኛው ወደ ፊት ይዙር። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ጥግ የተቀመጠ ልጅ ቀስ በቀስ ከመምህሩ ዓይን ይጠፋል።

የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርት ሽንት ቤት ነው። በቀልድ እንዳትወስጂው። መላውን ክፍል ይዘሽ ሂጂ፣ የሴቱንና የወንዱን አሳዪ፣ ውኃው የት እንዳለ አሳዪ፣ «ልወጣ» ብሎ እንዴት እንደሚጠየቅ አንድ በአንድ አለማምጃቸው። መጠየቅ አፍሮ ልብሱን ያረጠበ ልጅ በማግሥቱ አይመጣም፤ ከመጣም አፉን አይከፍትም። እናቱን ለቆ መግባት ያልቻለ ልጅም ይኖራል። ከነጠላዋ ላይ አታላቅቂው። ከተቻለ ለጥቂት ቀናት እናቱ ደጃፉ ላይ ትቀመጥ፣ ካልተቻለ ከከፍተኛ ክፍል እህት ወይም የጎረቤት ልጅ ፈልጊለት። ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ ይለምዳሉ።

ስማቸውን በአንደኛው ሳምንት እወቂ። ካርቶን ቆርጠሽ ስማቸውን በትልልቁ ጻፊና በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥዪላቸው። ለአንቺ ማስታወሻ ነው፤ ለልጁ ደግሞ የመጀመሪያው ምንባብ ነው። ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ የሚፈልገው የራሱን ስም ነው፤ ከዚያ የጓደኛውን። «ከስምህ ውስጥ ያለችው ‹በ› ከማን ስም ውስጥ አለች?» ብለሽ ስትጠይቂው ክፍሉን ሁሉ በዓይኑ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፊደሉ እንግባ፤ ብዙ መናገር የምፈልገው እዚህ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤትም ከኦ ክፍልም የመጡት ልጆች «ሀ ሁ ሂ ሃ» የሚለውን ዜማ ይዘው ይመጣሉ። ዜማውን አትናቂው፤ ትውልዶች የተማሩበት ነው፣ ለሚያስታውስ አእምሮም ጥሩ ድጋፍ ነው። ነገር ግን ዜማው ጆሮ ውስጥ ሲቀር ዓይን ሥራ ይፈታል። «ሞ» የምትለዋን ለብቻዋ አሳዪውና ከንፈሩን ተመልከቺ፤ «መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ» እያለ በሹክሹክታ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ደብተርሽ ላይ ነጥብ አድርጊ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደል ያውቃል ይባላል፤ ግን አያነብም። ሁለት ፊደል ብቻ ያላትን «ሎሚ» ለማንበብ ሰባት ድምፅ ቆጥሮ «ሎ» ላይ ይደርሳል፣ ሦስት ድምፅ ቆጥሮ «ሚ» ላይ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ «ሎ» ከአእምሮው ወጥታለች። ስለዚህ ቃሉ አይገጥምለትም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። መዳፍ የሚያህል ካርቶን ቁረጪና መካከሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አውጪበት። ይህን መስኮት የፊደል ገበታው ላይ አስቀምጠሽ ከወዲያ ወዲህ እያዘለልሽ ጠይቂ፤ ከ«ሙ» ወደ «ላ»፣ ከ«ላ» ወደ «ቤ»። ልጁ መቁጠሪያ መነሻ ስለሚያጣ መልኩን መመልከት ይጀምራል። ያን ጊዜ ዝምድናቸውን አሳዪው። «ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ» በቀኝ ጎናቸው ቅጥያ አላቸው፤ «ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ» እግራቸው ላይ ቀለበት አድርገዋል። ልጆች ይህን ራሳቸው ሲያገኙት የሚሰማቸውን ደስታ አይተሽ አትጠግቢውም። ስለዚህ ቶሎ አትንገሪያቸው፤ አራቱን ደርድረሽ «ምን ያመሳስላቸዋል?» ብለሽ ታገሺ። እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉት ከሥርዓቱ ሲወጡ ደግሞ «እነዚህስ?» በያቸው።

አስቸጋሪው ሳድስ፣ ማለትም ከሰባቱ ድምፆች ስድስተኛው ነው። «ል፣ ም፣ ስ፣ ር፣ ን፣ ት» አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ሥርዓት ይዞ አይሄድም፣ ድምፁም አንዳንዴ ይሰማል አንዳንዴ ይዋጣል። የአማርኛ ቃላት ደግሞ በሳድስ የተሞሉ ናቸው፤ «ልብስ» ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ «ቤት»፣ «ልጅ»፣ «እናት» ያለ ሳድስ አይጻፉም። እኔ ለሳድስ ከሌሎቹ እጥፍ ጊዜ እሰጠው ነበር፤ አንቺም ስጪው። መልካቸው የሚቀራረቡትን፣ ማለትም «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ጠ»ን ከ«ጨ» ጋር በአንድ ቀን አታቅርቢያቸው። አንዱ ከጸና በኋላ ሌላው ይምጣ።

ልጁ ፊደላቱን ገጣጥሞ ሲጨርስ የሚያውቀውን ቃል መስማት አለበት። «ገና» ለብቻው ሲጻፍ በዓሉም ሊሆን ይችላል፣ «ገና አልመጣም» የምንለውም ሊሆን ይችላል፤ መጥበቅና መላላቱን ፊደሉ አይነግረውም። ስለዚህ ቃልን ከዓረፍተ ነገር አትለዪ፤ አንብቦ እንደጨረሰ «ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ሌላም አለ፦ «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ብሎ የጻፈ የአንደኛ ክፍል ልጅ ድምፁን በትክክል ሰምቷል። ቀይ እስክሪብቶሽን አሳርፊ። ትክክለኛው አጻጻፍ በንባብ ብዛት ይመጣል።

እርሳስ ይዘው የማያውቁት ልጆች ከደብተር በፊት አሸዋ ላይ በጣት፣ በአየር ላይ በክንድ ይጻፉ። በግራ እጁ የሚጽፈውን ልጅ ተዪው፤ ይጻፍበት። እርሳስ በምላጭ እንዳይቀርጹ ግን ከልክዪ፤ መቅረጫ ከሌለ አንቺ ጠዋት ጠዋት ቅረጪላቸው። ለሒሳብ ቆርኪ አሰባስቢ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አሥር ቆርኪ ይበቃዋል። አምስትን በእጁ ሳይጨብጥ በሰሌዳ ላይ ብቻ የደመረ ልጅ የሚያደርገው መገልበጥ ነው።

ዱላውን በተመለከተ የማመነታበት ነገር የለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር። ከሕጉ በተጨማሪ ግን ከሙያችን የሚመነጭ ምክንያት አለ። የሚፈራሽ ልጅ «አላውቅም» አይልሽም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከጓደኞቹ ድምፅ ጀርባ ይደበቃል። አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው ያን «አላውቅም» የሚለውን ቃል ነው፤ ከእሱ ውጭ ልጁ የት እንደቆመ የምታውቂበት መንገድ የለሽም። ነባሮቹ መምህራን ክፉዎች አይደሉም፤ ራሳቸውም እየተገረፉ የተማሩ ናቸው። አትከራከሪያቸው። ክፍልሽን ከፍተሽ አሳያቸው። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ወራት አርጩሜ ይዤ እገባ ነበር። ያ በሌላ ገጽ ላይ ያነበበ ልጅ ቀና ብሎ ሲያየኝ መጀመሪያ ያየው እጄን ነበር።

ከጥፋተኛ ልጅ ይልቅ ዝም ያለውን ልጅ ፈልጊ። ዝምታው ምክንያት አለው። አንዳንዱ ጠዋት ሳይበላ ነው የመጣው፤ አራት ሰዓት ሲሆን ራሱን ዴስኩ ላይ ያስደግፋል። የንባብ ሰዓትሽን ወደ ማለዳው አድርጊለት፣ የትምህርት ቤት ምገባ ካለ ስሙ መግባቱን አረጋግጪ። አንዳንዱ ሰሌዳው አይታየውም። ዓይኑን ደጋግሞ የሚያሽ፣ የሚያለቅስ የሚመስል ልጅ ካየሽ ትራኮማ ሊሆን ስለሚችል ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሪ። አንዳንዱ ቤቱ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ካንቺ ጋር ነው የሚጀምረው። እሱን ፊደል ከመጠየቅሽ በፊት ቃላቱን አስተምሪው፣ ከቋንቋውም አምስት ስድስት ቃል አንቺ ተማሪ። በልዩ ልዩ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ዘግይተው የመጡ፣ አሥር ዓመት የሞላቸው ልጆችም ይኖሩሻል። ከሰባት ዓመት ልጅ ጎን መቀመጥ ያሳፍራቸዋል። ኃላፊነት ስጫቸው፤ ደብተር ያድሉ፣ ውኃ ይቅዱ። ንባባቸውን ደግሞ ሌሎቹ ሳይሰሙ ለብቻ ስሚያቸው።

ወላጅን በጥፋት ብቻ አትጥሪ። በመጀመሪያው ወር ለአሥር ወላጆች «ልጅሽ ስሟን ጻፈች» የሚል መልካም ወሬ ይድረሳቸው፤ በገበያም ቢሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱም ቢሆን። ያቺ እናት ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ልጇን ከማስቀረቷ በፊት ሁለቴ ታስባለች። ቀርቶ የተመለሰውን ልጅ «የት ነበርህ?» ብለሽ ከመቆጣት ይልቅ በቀረባቸው ቀናት ያለፉትን ፊደላት ከደብተርሽ አውጥተሽ ጠይቂው።

ብቻሽን አይደለሽም። አዲስ መምህር ለሁለት ዓመት በመካሪ መምህር እየተደገፈ የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግ፣ ማንኛውም መምህርም በዓመት 60 ሰዓት በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲሳተፍ የመምህራን ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፉ ይጠይቃል። በብዙ ትምህርት ቤት ይህ ፎርም ተሞልቶ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ሆኗል፤ ያሳዝነኛል። አንቺ ግን መካሪሽን አንድ ነገር ለምኚው፦ ለ20 ደቂቃ ከኋላ ይቀመጥና አፋቸውን ያልከፈቱትን ልጆች ስም ይጻፍልሽ። ስለ ጠመኔ አያያዝሽ ከሚሰጥሽ አስተያየት ሁሉ ያ ዝርዝር ይበልጥብሻል።

እንግዲህ ስለ መጽሐፉ። የዕለት እቅድሽን ጻፊ፤ ርዕሰ መምህሩም ሱፐርቫይዘሩም ያዩታል፣ ማየታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛሬ ከሰማሻቸው ሰባት ልጆች አራቱ «ብ»ን ካላወቋት ነገ ወደሚቀጥለው ገጽ አትለፊ። ደብተርሽን ከፍተሽ ለርዕሰ መምህሩ አሳዪው፦ «ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ምክንያቱም ይኸውና» በይው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ወደ ኋላ መቅረትሽ አያስፈራሽ። ልጆቹ መቁጠር ትተው ማንበብ ሲጀምሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥር ወዲህ፣ ሳምንት የፈጀው ምንባብ በሁለት ቀን ያልቃል። እኔ ከመጀመሪያው ዓመት በቀር መጽሐፉን ሳልጨርስ የቀረሁበት ዓመት ሁለት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያስተማርኳቸው ልጆች ግን ያነቡ ነበር።

ሰኞ ስትጀምሪ ከኋላኛው ረድፍ፣ ከበሩ ርቆ ከተቀመጠው ልጅ ጀምሪ። አጠገቡ ተቀመጪ፤ ቆመሽ ከላይ አትጠይቂው። መጀመሪያ የስሙን ፊደል አሳዪው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደብተርሽን ከፍተሽ ስንቱ ክብ፣ ስንቱ ነጥብ፣ ስንቱ ባዶ እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ። ባዶ የቀረባቸውን ልጆች ነገር ያን ጊዜ አብረን እናየዋለን።